በሰኔ ወደ ጅቡቲ፦ ከደሴ ደጋ ተነሥቶ አራስ ለመጠየቅ ስለመውረድ

ጥያቄ — መምህርት፣ ከደሴ

ለሁላችሁም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። ታናሽ እህቴ ከባለቤቷ ጋር ጅቡቲ ከተማ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇንም በሰኔ ወር አጋማሽ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። እናታችን «ልጄን የማርሳት እኔ ነኝ» ብላ ስለቆረጠች ጉዞውን ወደ ኅዳር ወይም ወደ ጥር ማዛወር የሚታሰብ አይደለም። ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን ስለሚዘጋ አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ። የፓስፖርቱና የመግቢያ ፈቃዱ ነገር አልቋል፤ እንቅልፍ የነሣኝ የሙቀቱ ጉዳይ ነው።

እናቴ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት አልፏል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከመድኃኒቶቿም አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። ስኳርም ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች። ተወልዳ ያደገችው በደጋ ነው፤ ቆላ ሲባል የምታውቀው ኮምቦልቻን፣ ቢበዛ ደግሞ የባቲን ገበያ ነው። ኮምቦልቻ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር «ተቃጠልኩ» የምትል ሰው ናት። እኔም ብሆን በሰኔ ደመና ጦሳ ተራራ ላይ ሲያርፍ ሹራብ የምደርብ ደገኛ ነኝና የምመክራት ነገር የለኝም።

ስለዚህ መንገዱን ከምታውቁትና እዚያ ከምትኖሩት ጥቂት ነገሮችን ለመጠየቅ እወዳለሁ። በመጀመሪያ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በሠመራ አድርጎ በጋላፊ በኩል በመኪና መሄድ ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? ሁለተኛ፣ መድኃኒቶቿን በተለይም ኢንሱሊኑን እንዴት እንይዘው? ሦስተኛ፣ እዚያ ከደረስን በኋላ ቀኑን እንዴት ብናሳልፈው ሰውነታችን ይችለዋል? እናቴ ቅቤውን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ የአራሷን ጋቢና የሕፃኑን መጠቅለያ ሁሉ እያዘጋጀች ነው፤ የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛውስ እንደማይጠቅም የምነግራት አጣሁ። በመጨረሻም ራሴን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን፣ የአፍሪካ ዝቅተኛ ቦታ የሆነውን የአሳል ሐይቅን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳየው በካርታ ላይ ነው። በሰኔ ሄዶ ማየት ይቻላል ወይስ እብደት ነው?

መልስ 1 — ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ አላህ እህትዎን በሰላም ይገላግላት። አብሽሩ፤ ከባድ ነገር ቢሆንም የሚቻል ነው። እኔ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ መኪና የምነዳ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው ስለ መንገዱ ብቻ ነው፤ የመድኃኒቱን ነገር ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ከደሴ ሲነሡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ቀንሰዋል፤ ባቲን አልፈው ወደ ሚሌ ሲወርዱ ደግሞ ዛፉም፣ የቤቱ አሠራርም፣ የአየሩ ጠረንም ይለወጣል። በመስኮት የሚገባው ነፋስ እስከ ባቲ ድረስ ያበርዳል፤ ከሚሌ በኋላ ግን መስኮት መክፈት ከምድጃ ፊት እንደመቀመጥ ነው። ብዙ አዲስ መንገደኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሞቀው ቁጥር መስኮቱን ይከፍታል፣ ነፋሱም ላቡን ሳይታወቀው ያደርቅበታል፤ ላብ ስላላየ ውኃ አይጠጣም። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ፊቱ ደርቆ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ «ምንም አልሆንኩም» ሲል ከሰማሁ መኪናዬን አቁሜ ውኃ አጠጣዋለሁ።

በመኪና ከሄዳችሁ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ከኮምቦልቻ የምትነሡት ገና ሳይነጋ ይሁን። ሚሌንና ሠመራን በጠዋት ማለፍና በቀትር ማለፍ ሁለት የተለያየ ጉዞ ነው። ከሠመራ እስከ ጋላፊ ያለው ሜዳ ጥላ የለውም። ድንበሩ ላይ ደግሞ ወረፋ ሊኖር ይችላል፤ ወረፋው የሚረዝመውም ሰው በማይፈልግበት ሰዓት ነው። ከጋላፊ ወዲያ በዲኪል በኩል እስከ ጅቡቲ ከተማ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። መኪናው የሚሠራ ኤሲ ከሌለው እናታችንን በዚህ መንገድ ባያወርዷቸው እመርጣለሁ። ስለ ጎማም ልጨምር፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ በዚያ አስፋልት ላይ ራሱን አግሎ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ልኩ መታየት ያለበት በጠዋት ገና ሳይሞቅ ነው። ሲሞቅ ልኩ ከፍ አለ ብሎ ነፋስ የሚያስወጣ ሹፌር ካያችሁ አስቁሙት።

ለውኃ እኛ የምንጠቀምበት ዘዴ ጀሪካኑን በኬሻ ጠቅልሎ፣ ኬሻውን አርሶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከመኪናው ጎን ማሰር ነው። ከሚሌ እስከ ዲኪል ድረስ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ኬሻው በደረቀ ቁጥር ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ደጋግሞ ማርጠብ ብቻ ነው። ወደ ባሕሩ ስትቀርቡ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ዘዴው አቅም ያጣል። ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው ብላችሁ ከምትገምቱት በላይ ውኃ ያዙ፤ መኪና ሊበላሽ ይችላል፣ ወረፋም ሊረዝም ይችላል። የመንገዱን ሰላምም ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን ከሚመላለሱ ሰዎች ጠይቁ።

መልስ 2 — ነርስ፣ ከደሴ

ወንድማችን ስለ መንገዱ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን እኔ በግልጽ የምመክረው እናትዎን በአውሮፕላን እንዲወስዷቸው ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ጅቡቲ በአየር መሄድ ወጪው ከፍ ቢልም የመጨረሻው በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ ነው። ግፊትና ስኳር ያለባቸውን፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ እናት ቀኑን ሙሉ በዚያ ሜዳ ማሳለፍ ደርሰው ማረፍ በሚገባቸው ጊዜ ታመው እንዲደርሱ ማድረግ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የሰውነትን አሠራር ልግለጽ፣ ምክሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀትን የመልመድ ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላብ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ብዙ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ልብም ደምን ወደ ቆዳ ለመላክ ከወትሮው በላይ ትደክማለች። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ ቶሎ መምጣት ይጀምራል፣ ጨውነቱም ይቀንሳል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ስለዚህ አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ እናትዎ ደግሞ በዚያው ሳምንት ማረፍ ሳይሆን መሥራት እንደሚፈልጉ ከወዲሁ ይታየኛል። ገንፎ ማገንፋት፣ ልብስ ማጠብ፣ እንግዳ መቀበል፣ ቡና ማፍላት የሚባለው ሁሉ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የእርስዎ ድርሻ ይሁን። ከተቻለም እህትዎ ከመውለዷ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ሰውነታቸው የሚለምድበት ጊዜ ያገኛል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ማንም በዚህ የጥያቄና መልስ መድረክ ላይ ቀንሱ ወይም አቁሙ ቢላችሁ አትስሙ። ሐኪማቸው ዘንድ ቀርበው ወደ ሞቃት አገር እንደሚሄዱ ይናገሩ። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ከላብ ጋር ሲደመር ፈሳሽንና ጨውን ከሰውነት አብዝቶ ስለሚያስወጣ ግፊታቸው ሊወርድ፣ ሲነሡም ሊያዞራቸው ይችላል፤ መጠኑ መለወጥ ካለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ተቀምጠው፣ ጥቂት ቆይተው ይነሡ። ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ገጽታ አለው፤ ቆዳ ሲሞቅ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ የተወጋው ኢንሱሊን ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፣ ስኳራቸውም ሳይታሰብ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይለኩ፤ ከረሜላ ወይም ስኳር ከእጃቸው አይለይ። የስኳር መለኪያውና የመመርመሪያ ወረቀቶቹም በሙቀት ይበላሻሉና ፀሐይ ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ነው። በሥራ ላይ ያለው ከፍሪጅ ውጭ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥበት ቤት ነው። የጅቡቲ ሌሊት ራሱ በሰኔ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ በመሆኑ እዚያ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ ማድረግ ይሻላል። ወንድማችን የጠቀሱት የኬሻ ዘዴ ለመጠጥ ውኃ ግሩም ነው፤ ለኢንሱሊን ግን በባሕሩ ዳርቻ ወበቅ ውስጥ የሚያስተማምን አይደለም። በጉዞ ላይ በፔርሙስ ወይም በረዶ በሚይዝ ትንሽ ሳጥን ያዙት፤ በረዶው ግን በቀጥታ አይንካው፣ የቀዘቀዘ ሳይሆን በረዶ ሆኖ የረጋ ኢንሱሊን ይጣላል። በአውሮፕላንም ከሻንጣው ጋር አይላክ፤ በእጅ ይያዝ።

ስለ ውኃ፦ ጥም እስኪመጣ መጠበቅ ለአረጋውያን አይሆንም፣ በዕድሜ የጥም ስሜት ይደክማልና። የሽንትን ቀለም ይጠይቋቸው፤ ነጣ ያለ ከሆነ መልካም ነው፣ ከጠቆረ ውኃ አንሷቸዋል ማለት ነው። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) መያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው እንደ ማንኛውም መጠጥ የሚጠጣ አይደለም፤ ተቅማጥ ወይም ከባድ ላብ ሲኖር በሐኪም ምክር ነው።

አንድ ምልክት ሁላችሁም ልብ በሉ። ሰው በሙቀት ሲዝል፣ ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ጥላ፣ ዕረፍትና ውኃ ይመልሰዋል። ነገር ግን መዘባረቅ ከጀመረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ልብሱን አቅልሎ፣ ውኃ አፍስሶ፣ እያራገቡ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

መልስ 3 — የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከጅቡቲ

እህቴ፣ ገና ሳትደርሱ እንኳን ደህና መጣችሁ ብያለሁ። እዚህ ከኖርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቼንም የወለድኩት እዚሁ ነው። የሰኔን ባሕርይ ልንገርዎት። በሰኔ ቀትር ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ በሐምሌ ደግሞ ያልፋል። እኛ ደጋ ላይ ያደግን ሰዎችን የሚያስቸግረን ግን የቀትሩ ቁጥር ሳይሆን ሌሊቱ ነው። ደሴ በቀን ቢሞቅ ማታ ብርድ ልብስ ይለበሳል፤ እዚህ ሌሊትም ግድግዳው ሙቀቱን ስለሚተፋ ሰውነት የሚያርፍበት ሰዓት አያገኝም። ስለዚህ እናትዎ የሚተኙበት ክፍል ኤሲ ያለው መሆኑን ከእህትዎ አስቀድመው ያረጋግጡ። መብራት ውድ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ኤሲውን የሚከፍተው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ያ ክፍል በዚህ ወር የአራሷ፣ የሕፃኑና የእናትዎ ቢሆን ነውር የለውም። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ገላን ወይም ነጠላን አርጥቦ ከዚያ ማራገብ ይረዳል፤ በደረቅ ገላ ላይ ሙቅ አየር የሚነፋ ቬንትሌተር ግን ብዙ አይጠቅምም።

በሰኔ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ይጀምራል። ከበረሃው የሚመጣ ደረቅ፣ ትኩስ፣ አቧራ የተሸከመ ነፋስ ነው። በነፈሰ ቀን ወበቁ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ዐይንና ጉሮሮ ይደርቃል። በዚያ ቀን መስኮት ተዘግቶ ይዋላል። በዚህ ወቅት አቅም ያለው የጅቡቲ ቤተሰብ ወደ ድሬዳዋም፣ ወደ አርታ ተራራም፣ ከዚያ ራቅ ወዳለ አገርም ይሄዳል፤ ስለዚህ ከተማው ጭር ቢልባችሁ አትደነቁ።

የከተማውን ቀን እንደ ከተማው ሰው ኑሩት። ጠዋት በጊዜ ይወጣል፤ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ቢሮም የሚኬደው ያኔ ነው። ከቀትር ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ መንገዱም ባዶ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ደጅ የሚታየው እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ሕይወት የሚመለሰው ማታ ነው፤ ሰው የሚጠያየቀውም፣ ልጆች የሚጫወቱትም ያኔ ነው። የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሲሆን ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው በፈረንጅ ስለሆነ የሐኪም ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ሰኔ 20 ቀን የነፃነት በዓል ነው፤ አገሩ ነፃ የወጣው በፈረንጆች ሰኔ 27 ቀን 1977 ስለሆነ በዚያ ቀን ቢሮ አይሠራም። መገበያያው የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የተሳሰረ ሲሆን 1 ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ነው።

ስለ ውኃ ሁለት ነገር ላንሣ። የከተማው የቧንቧ ውኃ ለረጅም ጊዜ ጨው የሚል የጉድጓድ ውኃ ነበር፤ በፈረንጆች ከ2017 ወዲህ ግን ከኢትዮጵያ፣ ከአዲጋላ አካባቢ በቧንቧ የሚመጣ ውኃም አለ። ቢሆንም እንግዳ ሰው ለመጠጥ የታሸገ ውኃ ቢጠቀም ይሻላል። ሁለተኛው የሚታጠቡበትን ይመለከታል፤ ውኃው የሚጠራቀመው በጣሪያ ላይ ባለ ሮቶ ስለሆነ በቀትር «ቀዝቃዛውን» ቧንቧ ሲከፍቱ የሚወርደው የሚያቃጥል ውኃ ነው። እኛ ማታ ወይም ንጋት ላይ ባልዲና ሳፋ እንሞላና ቤት ውስጥ እናሳድረዋለን፤ ቀን የምንታጠበው በዚያ ነው። ሕፃን የምታጥቡበትን ውኃ በክርናችሁ ሳትለኩ አትንኩ።

አሳልን በተመለከተ እብደት አይደለም፤ በቀትር መሄድ ግን እብደት ነው። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ፀሐይ ስትወጣ መድረስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ መመለስ ይቻላል። በዙሪያው ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ነጭ ጨው ብቻ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ ውኃ የሚሸጥበት ቦታም አይጠበቅ። ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ 10 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ሰው ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን በእግርዎ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ያውቁታል። የጨው ቅርፊቱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ስለሚቆርጥ ጫማ አያውልቁ፤ መታጠቢያ የሚሆን ጀሪካን ንጹሕ ውኃም ይያዙ። ነጩ ጨው ብርሃኑን ከታች ስለሚመልሰው ባርኔጣ ብቻውን አይበቃም፤ የፀሐይ መነጽር ያስፈልጋል። እናትዎን ግን ወደዚያ አይውሰዷቸው።

ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ድንበሩ ላይ ያለው የአቤ ሐይቅ የአዋሽ ወንዝ መጨረሻ ነው፤ የቦርከና ወንዝም የአዋሽ ገባር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የዘነበው ዝናብ መስኖው፣ ፀሐዩና አሸዋው ያስተረፉትን ያህል ይዞ የሚያበቃው እዚያ ነው። ነገር ግን ሩቅ ስለሆነና ማደርን ስለሚጠይቅ፣ ወፎቹም የሚበዙት በብርዱ ወራት ስለሆነ ለጥር አስቀምጡት።

ጠያቂዋ በድጋሚ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በአውሮፕላን ለመሄድ ወስነናል፤ ከሐኪሟም ጋር ቀጠሮ ይዘናል። የቀረኝ ከእናቴ ጋር ያልተስማማንበት ጉዳይ ነው። እናቴ እንደ አገራችን ልማድ አራሷ በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ጋቢ ተደራርቦ፣ ሕፃኑም ተጠቅልሎ ብርድ ሳይነካቸው እንዲከርሙ ትፈልጋለች። «ኤሲ አራስን ይመታል» ትላለች። ሕፃኑ እንዳይጠማው ቀዝቀዝ ያለ ውኃ በጠብታ እሰጠዋለሁም ብላለች። እኔ ብነግራት አልሰማ አለችኝ፤ ከእናንተ የሰማሁትን ላነብላት አስቤአለሁ።

መልስ 4 — ነርስ፣ ከደሴ

እንግዲያውስ ይህን ለእርሳቸው ብዬ እጽፋለሁ። እማማ፣ ልማዱ ትክክል የሆነው ለደሴ ብርድ ነው፤ እናቶቻችን አራስን የሚሸፍኑት ሌሊቱ ስለሚበርድ ነበር። የተወለደ ሕፃን ገና ላብ የማላብ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም፤ በዚያ አገር ጋቢ ከጠቀለልነው የራሱ ሙቀት ታፍኖ ትኩሳት ይሆንበታል። አንድ ስስ የጥጥ ልብስና ዳይፐር ይበቃዋል። አንገቱን ወይም ጀርባውን ዳስሰው ካላበውና ከጋለ አንድ ልብስ ይቀንሱለት። ኤሲው ነፋሱን በቀጥታ ወደ ሕፃኑና ወደ አራሷ እንዳይልክ ወደ ጎን ይዙር እንጂ ይከፈት። አራሷም ላብ ካጠመቃት ትዳከማለች፣ ስፌት ካላትም ቁስሏ በርጥበት ያመረቅዛል።

ውኃውን ግን ፈጽሞ አይስጡት። እስከ 6 ወር ድረስ በሐሩር አገርም ቢሆን የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ምግቡም ውኃውም ነው፤ ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ መጥባት ይፈልጋል፣ ደጋግማ ታጥባው። ውኃ ከሰጡት ሆዱን ይሞላውና ወተቱን ይተዋል፣ ተቅማጥም ሊያመጣበት ይችላል። ውኃ መጠጣት ያለባት አጥቢዋ ናት። ሕፃኑ መጥባት ከተወ፣ ከደነዘዘ ወይም ትኩሳት ካለው ግን በቤት ውስጥ ሳታቆዩ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

መልስ 5 — የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከጅቡቲ

የእኔም እናት መጀመሪያ እንዲሁ ብለው ነበር፤ በኋላ ኤሲው ሥር የተኛው የልጅ ልጃቸው ሳያለቅስ ሲያድር አይተው ዝም አሉ። ስለዚህ እናትዎን በክርክር አያድክሟቸው፤ አንድ ሌሊት ያሳልፉ።

ስለሚያመጡት ነገር ልናገር። የገንፎ ዱቄቱና የአጥሚቱ እህል ይምጣ፤ የአገር ቤት ነገር ለአራስ ደስታ ነው። ቅቤው ግን በመንገድ ላይ ቀልጦ ዘይት ስለሚሆን አንጥራችሁ፣ ቀዝቅዞ ከረጋ በኋላ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በላስቲክ ደግማችሁ ጠቅልሉት። በርበሬና ሽሮ ካመጣችሁ ወበቁ ስለሚያሻግታቸው ከደረሱ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጡ። ጋቢውን ለመንገድ አንድ ብቻ ያዙ፤ ደሴ ስትነሡና ስትመለሱ ያስፈልጋል። በሱ ፈንታ ነጠላ ጨምሩ፤ ነጠላ እዚህ ለሁሉም ነገር ይሆናል፣ ለመከናነቢያም፣ ረጥቦ ለትከሻም፣ ለሕፃኑ መጋረጃም። ለእናትዎ እጅጌው ረጅም፣ ሰፊና ስስ የጥጥ ቀሚስ ይበጃቸዋል፤ ናይሎን ያለበት ልብስ ከገላ ጋር ይጣበቃል። እዚህ ሴቶች የሚለብሱትን ድርያ ገበያ ውስጥ ያገኙታል፤ ቀሚሱን ከዚሁ ብትገዙላቸው ይሻላል። ስኳር ያለበት ሰው በግለቱ ምክንያት ባዶ እግሩን በአስፋልትም በሰገነትም ላይ አይራመድ፤ እግሩ ሲቃጠል ላይታወቀው ይችላልና።

አጎበርም አይርሱ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው፣ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘው እዚሁ ጅቡቲ ነው፣ በፈረንጆች 2012፤ በ2016 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። የደሴ ሰው ወባን የሚቋቋም ልምድ ስለሌለው፣ አራስና ሕፃንም ስላሉ፣ ባልዲውና ሳፋው ውኃ ይዞ ሲያድር ክዳን ይደረግበት። ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ከተሰማችሁ ለሐኪሙ ከጅቡቲ መምጣታችሁን ንገሩት።

መልስ 6 — ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ

በአውሮፕላን በመወሰናችሁ ደስ ብሎኛል። ዱቄቱና ቅቤው ለሻንጣ ከበዛባችሁ በጠዋት ከኮምቦልቻ ከሚነሣ፣ ከምታምኑት ዘመድ ጋር ላኩት፤ ድንበር ላይ የሚፈተሽ ስለሆነ ምን እንዳለበት በግልጽ ይጻፍበት። ቅቤውን ሞተሩ በሚያግልበት በኩል እንዳያስቀምጠው ብቻ አስጠንቅቁት።